የጋሽ ሞላ አምፕሊፋየር በመርሳ ኬላ

በዘጋቢነት በቆየሁበት ዘመን ስለ ጊታር አምፕሊፋየር የሠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በበዓል ዝግጅት መካከል በሬዲዮ ተላለፈ፤ የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛውን ማንም አላዘዘኝም፣ የትም አልተላለፈም፤ የተሠራውም መርሳ ከተማ ውስጥ፣ እጃቸውን በታሰሩ ሽማግሌና ድንጋይ በጨበጠ ሕዝብ መካከል ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት ባልደረቦቼ ከሥራህ ሁሉ የትኛው ከበደህ እያሉ ይጠይቁኛል። ግንባር ደርሼ ስለተመለስኩባቸው ቀናት እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ሥራ የጀመርኩት ደሴ ነው። የመጀመሪያ አለቃዬ ቅጽል የሚባል ነገር አይወድም ነበር። “ታላቅ ጎርፍ” ብዬ ከጻፍኩ “ታላቅ” የሚለውን ይሰርዝና ከጎኑ “የት ድረስ ደረሰ?” ብሎ ይጽፍልኛል። ከእሱ ዘንድ ወደ ሀብሩ ተመደብኩ፤ መኖሪያዬን መርሳ አደረግሁ። የሲሪንቃ የማሽላ ሙከራ፣ የመስኖ ውሃ ጠብ፣ የከብት ገበያ፣ በዋናው መንገድ ላይ የሚገለበጥ የጭነት መኪና፤ የዘገባዬ ዓለም ይኸው ነበር። ደመወዙ ያኖራል፣ አበሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ከዓመታት በኋላ ወደ ወልድያ ተዛወርኩ።

ጋሽ ሞላን ያወቅሁት እዚያ ነው። የወልድያው አለቃዬ ለበዓል ቀለል ያለ ዝግጅት ፈልጎ፣ የሠርግ ባንዶች ሁሉ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው የሠሩትን አምፕሊፋየር እንደሚሻሙ ሰምቻለሁና እስኪ እየው አለኝ። አዳጎ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ጀርባ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ የሸሚዛቸው ኪስ በጠመንጃ መፍቻ የተቀደደ፣ ሲያወሩ ዓይናቸውን ከሥራቸው የማያነሱ ሰው ነበሩ። ቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሬዲዮ ማስጠገን ሲቀር፣ ከሞቱ ሬዲዮዎችና ከድሮ ሲኒማ ማጉያዎች ቫልቭ እየለቀሙ አምፕሊፋየር መሥራት ጀመሩ። ቫልቭ ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት አምፖል ነው፤ ሲሞቅ ውስጡ እንደ ፍም ይቀላል። የሚሠሩት በትእዛዝ፣ አንድ በአንድ ነው። ሁለት የሚመሳሰል ሠርተው አያውቁም።

የአካባቢው ጊታሪስቶች ከእሳቸው የሚፈልጉት ንጹሕ ድምፅ አልነበረም። ምክንያቱን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። አምባሰል ሲዘፈን ድምፃዊው አንዲት ቃል ይይዝና ያንከባልላታል፤ ጊታር ግን አንዴ ከተመታ ቶሎ ይሞታል። ጌይኑ፣ የማጉያው ኃይል፣ በጣም ሲጨመር ድምፁ ይሻክራል፣ ሲሻክርም ይረዝማል፤ እንደ ማሲንቆ ጭራ ሳይበጠስ ድምፃዊውን ይከተላል። ከፋብሪካ የሚመጣው ርካሽ አምፕ ይህን ሲሞክር የንብ ቀፎ የተነካ ይመስላል። የጋሽ ሞላ ግን ሻክሮም ዜማው ይሰማል።

ተፎካካሪያቸው ሰይድ ይባላል፤ የመርሳ ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው ከእሳቸው ነበር። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ከፍቶ የራሱን አምፕ መሥራት ሲጀምር የሙዚቀኛው ዓለም ለሁለት ተከፈለ። የሞላ ይበልጣል፣ የሰይድ ይበልጣል የሚለው ክርክር የሠርግ ቤት ወሬ ሆነ። ሁለቱም ያባብሱት ነበር። ጋሽ ሞላ፣ የሰይድ አምፕ አማቱ ፊት እንደተቀመጠ ሙሽራ ነው፣ አንገቱን አያቀናም ይላሉ። ሰይድ ደግሞ፣ የጋሽ ሞላ ጠጅ የቀመሰ ሚዜ ነው፣ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል ይላል። እኔ የማን እንደሚበልጥ ላውቅ መጣሁ። ጋሽ ሞላ ግን ጥያቄው ከመልሱ በፊት መስተካከል አለበት አሉኝ።

አሠራራቸውን በዝርዝር የምጽፈው፣ ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ሁሉ ስለለወጠው ነው። የራሳቸውንና ከአንድ ደንበኛ የተዋሱትን የሰይድ አምፕ ጎን ለጎን አስቀመጡና በአንድ ጋቢ ሸፈኗቸው፤ የቱ የማን እንደሆነ እንዳላይ። ጊታሩም ኬብሉም ለሁለቱ አንድ ነው። አብርተው እስኪሞቁ ቁጭ አልን፤ እስኪሞቁ ድረስ እንዳወራም አልፈቀዱልኝም። ጊታሩ ሳይነካ እያንዳንዱ አምፕ የራሱ የሆነ ሽሽታ፣ ሽ የሚል ድምፅ፣ አለው። ጋሽ ሞላ መጀመሪያ ያንን ሽሽታ አቻ አደረጉ፤ አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው። ከዚያ ለዚሁ የጠሩት ጊታሪስት አንዲት አጭር የአምባሰል ዜማ በሁለቱም መታ፤ ድምፃቸው እኩል እስኪሆን እንደገና አስተካከሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ አስወጡኝና የባጃጅ ጫጫታ እየሰማን ትንሽ ቆምን፤ ጆሮ እንዲታጠብ ነው። ተመልሰን ገባን፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነበር።

“ሁለት አምፕ ስታወዳድር የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስልሃል” አሉኝ። “መጀመሪያ ዝምታቸውን አስተካክል። ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክል። ከዚያ ወዲያ የምትሰማው ልዩነት የራሳቸው ነው።”

እንዲህ ሲደረግ የሰማሁት ልዩነት ግልጽ ነበር። አንደኛው ሲመታ እንደ ጅራፍ ይሰነጥቃል፤ የጊታሪስቱ ጥፍር ክሩን ሲነካ ሳይቀር ይሰማል፤ ድምፁ እየረዘመ ሲሄድ ከላዩ ሌላ ቀጭን ድምፅ ይወለዳል። ሌላኛው መነሻው ክብ ነው፤ ወፍራሞቹ ክሮች በደንብ እንደተወጠረ ከበሮ ጥብቅ ይላሉ፤ እጅ ሲነሳ ወዲያው ጸጥ ይላል። የመጀመሪያው የጋሽ ሞላ፣ ሁለተኛው የሰይድ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከትንሽ ነገር ነው። ሰይድ በመጀመሪያው ቫልቭ ደጃፍ ላይ ሬዚስተር የሚባል፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ አስገብቷል፤ ወደ ቫልቩ የሚገባውንም ሽቦ በብረት መረብ አልብሶታል። ይህ ያልተፈለገ ጫጫታ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የድምፁን ጫፍ ግን በትንሹ ይሞርደዋል። ጋሽ ሞላ አልፈልግም ያሉት እሱን ነው። ዘበኛ ስታቆም ሌባውንም እንግዳውንም ይመልስብሃል ይሉ ነበር። ዋጋውንም ያውቁታል፤ ደጃፋቸው ላይ ባጃጅ ሲነሳ አምፑ ይንጫጫል።

ዘገባዬ የትኛው ለምን እንደሚሆን ተናገረ እንጂ አሸናፊ አልመረጠም። ሁለቱም ቅር አላቸው። ግን ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሞላ ቤት መሄድ አልተውኩም፤ የእሳቸውን ዘዴም ወደ ሥራዬ ወሰድኩት። ለዘገባ ሀብሩ ተመልሼ ሳለ ሁለት ቀበሌዎች በአንድ የመስኖ ቦይ ሲካሰሱ፣ አንደኛው ወገን አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበረው፤ ሌላው አንገቱን ደፍቶ የሚያጉተመትም። ሁለቱንም ለየብቻ፣ በተመሳሳይ ጥያቄ፣ ማንም አጠገባቸው ሳይኖር ጠየቅኋቸው። ውሃው ያለ አግባብ የዞረበት ያ የሚያጉተመትመው ነበር። የጮኸውን ብቻ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ዘገባው ይገለበጥ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የመድፉ ድምፅ ወልድያ በተሰማበት ክረምት፣ ከቆቦ በኩል የመጣው ሰው በከተማዋ አልፎ ወደ ደቡብ ይፈስ ጀመር። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለተጠለሉት ተፈናቃዮች እንድዘግብ ወደ መርሳ ተላክሁ። አስፋልቱ ላይ ፍራሽ የጫነ ባጃጅ፣ ፍየል የሚነዳ ሰው፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሰርጎ ገብ አለ የሚለው ወሬ ከሰው ፈጥኖ ይደርሳል። ወሬው ከሜዳ የተነሳ አልነበረም፤ ግን የትኛው እውነት የትኛው ፍርሃት እንደሆነ የሚለይ ሰው አልነበረም። ፀጉረ ልውጥ የተባለ ሁሉ ይፈተሻል።

ከሰዓት በፊት ሰይድ ትምህርት ቤቱ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ፊቱ ደርቋል።

“ጋሼ፣ ጋሽ ሞላን ኬላው ላይ ይዘዋቸዋል። የመገናኛ ሬዲዮ ይዘው ተገኙ ተብለዋል” አለኝ።

ኬላው በከተማዋ ሰሜን መግቢያ በድንጋይና በበርሜል ተዘግቷል። ጋሽ ሞላ በርሜሉ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሯል። ከወልድያ ሲወጡ ልብስ አልያዙም፤ በአንሶላ የጠቀለሉት አንድ አምፕሊፋየር ነበር። ደሴ ላለ ጊታሪስት የሠሩት ነው፤ የቀሯቸው ደህና ቫልቮች ሁሉ ያሉት እሱ ላይ ነው፤ ሌላ ከየትም አይገኝም። አሁን አንሶላው ተገልጦ፣ የኋላ ክዳኑ ተፈቶ፣ ፊታቸው ተቀምጧል። ብረት ሳጥን፣ ከባድ ትራንስፎርመር፣ የመስታወት አምፖሎች፣ የተጠላለፈ ሽቦ። እውነቱን ለመናገር፣ ባላውቀው እኔም እጠረጥረው ነበር።

የኬላው አዛዥ ወርቁ የሚባል የሀብሩ ገበሬ ነው፤ ቀድሞ ወታደር ስለነበረ ሁሉም ሃምሳ አለቃ ይለዋል። መታወቂያዬን አይቶ መለሰልኝና ዕቃውን ታውቀዋለህ ወይ አለኝ። የጊታር አምፕሊፋየር ነው አልኩት።

“አምፕሊፋየር አውቃለሁ። ጥቁር ነው፣ ፕላስቲክ ነው” አለ። “ይሄን ግን በወታደርነቴ አይቼዋለሁ። ሬዲዮ ኦፕሬተራችን የሚሸከመው ውስጡ እንዲህ ነበር። አምፖሉ ራሱ ነው።”

ልክ ነበር። አምፖሉ ራሱ ነው። ሰውየው የተሳሳተው ባለማወቅ ሳይሆን በማወቁ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማስረዳት ደግሞ ይከብዳል። ከሰዓት ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና እንዳለና ሽማግሌው ከነዕቃው እንደሚላክ ነገረኝ። ከመርሳ እስከ ደሴ ብዙ ኬላ አለ። “የሬዲዮ ሰው” ተብሎ የተጫነ ሰው በየኬላው ለተቆጣ ሕዝብ እየታየ ይሄዳል። በዚያ ክረምት እንዲህ ተጭነው ስላልደረሱ ሰዎች ሰምቼ ነበር፤ ማረጋገጥ ስላልቻልኩ አልዘገብኩትም። ጋሽ ሞላ መኪናው ላይ እንዳይወጡ ማድረግ ነበረብኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር የእኔ ሥራ ሆኖ አያውቅም።

አስመታና ስማው አልኩት። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ግን አንድ ሆቴል ጄኔሬተር ነበረው። ወርቁ ትንሽ አሰበና እሺ አለ። ወደ ሆቴሉ ግቢ ስንሄድ ሕዝቡ ተከተለን። ሰይድ ከሱቁ ጊታር አመጣ። የጋሽ ሞላን እጅ ፈቱላቸው። አምፑን አገናኝተው አበሩና፣ እስኪሞቅ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ያ መጠበቅ ጎዳን። ለእኔ የተለመደ ነው፤ ለሕዝቡ ግን አንድ ሰው የሆነ ነገር አብርቶ ዝም ብሎ የሚጠብቀው ከሌላ ወገን መልስ ሲፈልግ ነው። ማንን ነው የሚጠብቀው የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ቫልቮቹ ቀሉ፤ ጄኔሬተሩ ስለሚዋዥቅ ፍሙ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ስፒከሩ መሽሸት ጀመረ፤ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሬዲዮ። ሕዝቡ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሰይድ ጊታሩን መታ። ጌይኑ ሙሉ ነበር፤ ግቢው ተናወጠ፤ አንዲት ሴት ጆሮዋን ያዘች። ወርቁ “ይሄ ጊታር ነው?” ሲል ሰይድ ጌይኑን ቀነሰና አምባሰል ጀመረ። ያኔ ነገሩ መለወጥ ያዘ። ሻካራ ቢሆንም ዜማው የአገራቸው ነው። አንድ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ። ዱላ የያዘ ጎረምሳ ዱላውን መሬት ላይ ተከለው። ሰይድ ጨረሰና እጁን ከክሩ ላይ አነሳ።

በዝምታው ውስጥ አምፑ ተናገረ።

ቋንቋው አይለይም። የሰው አነጋገር ምት አለው፤ ግን የታፈነ ነው፣ በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል። ለአፍታ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ቀና ስል፣ ረጅም አንቴና ያለው የጦር መኪና ሆቴሉ በር ላይ ቆሟል፤ ውስጡ ያለው ወታደር በሬዲዮው ያወራል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ያ ዘበኛ የሌለው ቫልቭ፣ ባጃጅ ሲነሳ እንደሚንጫጫው ሁሉ፣ የመኪናውን ሬዲዮ ሰምቶ ነው። የገባው ግን ለእኔና ለሁለቱ ሠሪዎች ብቻ ነበር።

ድንጋይ ተወረወረ፤ የጋሽ ሞላን ትከሻ መታ። ሕዝቡ ተገፋፍቶ ሲመጣ ወርቁ ጠመንጃውን በአግድም ይዞ ፊታቸው ቆመና የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የሚነካውን ሰው አልምርም አለ። ቃሉን አከበሩለት። ግን ዞሮ የጋሽ ሞላን እጅ እንደገና አሰረ። ልረዳቸው አስቤ ያደረግሁት ነገር በሕዝብ ፊት አስረጅ ሆነባቸው። ከዚያ በፊት ጥርጣሬ ብቻ ነበር።

በሥራዬ ዘመን የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ልቤ ሲመታ ጥያቄውን ማሳጠር ነው። ወርቁ አጠገብ ሄድኩ።

“ሃምሳ አለቃ፣ መኪናው ሲያወራ ይሄ ዕቃ አወራ። እኔም ሰምቻለሁ፣ አልክድም። መኪናው ሲያወራ የሚያወራ ሁሉ የሰላይ ሬዲዮ ነው?”

“ሌላ ምን ይሆናል?”

“ሌላ ማጉያ እዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ኬብል እንሞክር። እሱ ዝም ካለ ውሰዳቸው። እኔም አፌን እዘጋለሁ።”

ጋሽ ሞላ አዩኝ። የተናገርኩት ስለ እሳቸው ሕይወት እንደሆነ አውቅ ነበር።

ወርቁ ሲፈቅድ፣ ሰይድ የራሱን አምፕ ለማምጣት ከመሮጥ ይልቅ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ሳበኝ። የኔ አይሰማም አለኝ በሹክሹክታ። ዘበኛው አይፈቅድለትም፤ የሱ አምፕ ከመጣ ጋሽ ሞላ አለቁ። ውጤቱን እያወቁ ማወዳደሪያ መምረጥ ማጭበርበር ነው፤ ጋቢ አልብሰው ያስተማሩኝ ሰው ራሳቸው አይወዱትም። ግን ጥያቄው የትኛው አምፕ ይሻላል የሚል አልነበረም። ጥያቄው፣ የሚሰማ ሁሉ ሰላይ ነው ወይ የሚል ነው። ለእሱ ማንም የማይጠረጥረው አንድ ዕቃ ከሰማ ይበቃል። ሁሉም የሚያውቀውን ማጉያ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። የቅሬው አለ አለኝ።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የመርሳ ቅሬ ሰው ሲሞት የሚያውጅበት የጡሩንባ ስፒከርና ርካሽ ማጉያ አለው። የቅሬው ዳኛ፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ፣ ራሳቸው ይዘውት መጡ፤ ደስ አላላቸውም።

“እኛ ይሄን የምናወጣው ሰው ሲሞት ነው” አሉ።

ሰይድ “ዛሬ እንዳይሞት ነው፣ አባባ” አላቸው።

የጊታሩን ኬብል ከጋሽ ሞላ አምፕ ነቅለን በቅሬው ማጉያ ሰካነው። ወርቁ ራሱ ወደ መኪናው ሄዶ ወታደሩን በሬዲዮው ተናገር አለው። ወታደሩ ሥራ አለኝ ብሎ ተቆጣ፣ ከዚያ መቁጠር ጀመረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እናያለን። ጡሩንባው ዝም አለ። ምንም። ወርቁ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንድ ሰው በቃ ጫነው አለ።

ያኔ ጋሽ ሞላ እጃቸው እንደታሰረ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ። “ዝምታውን አስተካክለው።”

ማጉያው ዝቅ ብሎ ነበር የተከፈተው፤ ለሰው ድምፅ የሚሆነውን ያህል። ማዞሪያውን ጨመርኩ። ጡሩንባው መሽሸት ጀመረ። የጋሽ ሞላን አምፕ ሽሽታ በጆሮዬ ይዤው ነበር፤ ያንን ያህል እስኪሆን ጨመርኩ፤ ጡሩንባው ሊጮህ ዳር ደረሰ። ወርቁ ይሄ የመጨረሻው ነው አለና ለወታደሩ እጁን አነሳ።

ጡሩንባው ተናገረ። ያው የታፈነ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ዝምታው መጀመሪያ የመደነቅ መሰለኝ፤ ከዚያ ግን አንዳንዶቹ ሴቶች ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየሁ። ከዚያ ጡሩንባ ድምፅ ሲወጣ የሟች ስም መጠበቅ ለምደዋል። ስም አልተጠራም። ወታደሩ ይቆጥራል፣ ጡሩንባው ከአፉ ጋር እየተከተለ ያጉተመትማል።

የቅሬው ዳኛ ጡሩንባውን አዩት፣ ወርቁን አዩት።

“እንግዲህ ሃምሳ አለቃ፣ ቅሬውንም እሰረዋ” አሉ። “ለካስ ስንሰልል ኖረናል።”

ሳቁ ከዳር ተነስቶ ግቢውን ሞላው። ከመዳን የሚመጣ ሳቅ አይደለም፤ ሰው ሊገድል የነበረ ሕዝብ ከራሱ የሚሸሽበት ሳቅ ነው። ወርቁ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታ። ሲፈታ ያነጋገራቸው እስከዚያ ባላነጋገራቸው አኳኋን ነው።

“እርስዎ ሰላይ አይደሉም፣ አባቴ። ይሂዱ” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ዕቃው ግን ይሰማል። አሁን አንተው ራስህ አሳየኸኝ። የሚሰማ ዕቃ በዚህ መንገድ አላሳልፍም።”

ልክ ነበር፤ ያረጋገጥኩለትም እኔ ነኝ። የቅሬውን ማጉያ ማንም ሊወስደው አልቃጣም፤ በዚያ ሰሞን ያለ እሱ መኖር አይቻልም ነበር። ጋሽ ሞላ ግን አምፑን ጥለው ሊሄዱ አልፈለጉም። ከደጅ የመድፍ ድምፅ ይሰማል፣ መኪናዎች እየወጡ ነው፣ ሰይድ ይለምናቸዋል፤ እሳቸው የእጃቸውን አንጓ እያሹ ሳጥኑን ያያሉ። በመጨረሻ አምፑን አጠፉት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ፣ ከዳር ያለችውን ጣት የምታህል ቫልቭ ይዘው በቀስታ ነቀሏት።

“ጆሮው ይቺ ናት” አሉ። “ያለሷ ደንቆሮ ነው። ሞክረው።”

ወርቁ አስሞከረ። ኬብሉ ተሰካ፣ ወታደሩ ተናገረ፣ አምፑ ዝም አለ። ወርቁ ቫልቩን በመሐረብ ጠቀለለና ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ፤ ቁልፉንም ቆለፈ።

“ሲያልፍ መጥተው ይውሰዱ” አላቸው።

በዚያው ከሰዓት ጋሽ ሞላ ደንቆሮውን አምፕ ይዘው በአንድ አይሱዙ ጭነት ላይ ወደ ደሴ ሄዱ፤ ደረሱም። ወልድያ፣ ቀጥሎም መርሳ በሌላው ወገን እጅ ወደቁ። ወራት አለፉ። ተመልሰን ስንገባ የአዳጎው ክፍል በሩ የለም፤ ትራንስፎርመር የሚጠመጥሙበት ማሽን የለም፤ ግድግዳው ላይ የመሣሪያ ማንጠልጠያ ምስማሮች ብቻ ቀርተዋል። ጋሽ ሞላ ከባዶ ጀመሩ።

የመጨረሻ ሥራዬ ተኩሱ ረገብ ባለበት ጊዜ ስለ መርሳ ገበያ መከፈት የሠራሁት ነው። ወርቁን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ጠመንጃውን እንደያዘ ነው፣ ከስቷል። ሰላምታ ሳንጨርስ የደረት ኪሱን ቁልፍ ፈታና መሐረቡን አሳየኝ። ያንን ሁሉ ጊዜ፣ በየተራራው፣ ይዟት ኖሯል። መስታወቷ አልተሰነጠቀም።

ሽማግሌው ለምን አልመጡም አለኝ። እኔ ላድርስላቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አደራውን ከእጃቸው ነው የተቀበልኩት፣ በእጃቸው ነው የምመልሰው አለ።

ወልድያ ስመለስ በቀጥታ አዳጎ ሄድኩ። ጋሽ ሞላ አዲስ ያልተጨረሰ ሳጥን ላይ አቀርቅረዋል። ያኛው አምፕ መደርደሪያው ላይ ነው፤ የአንዷ ቫልቭ ሶኬት ባዶ ነው። ወርቁ እንደሚጠብቃቸው ነገርኳቸው። መርሳ ቅርብ ነው፣ ባጃጅም መኪናም አለ፣ አብሬዎት ልሂድ አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከሥራቸው አላነሱም።

“ሲያልፍ ና ነው ያለኝ” አሉ። “አልፏል ብሎሃል?”

“አላለኝም።”

“አንተስ? ጋዜጠኛው አንተ ነህ።”

በሥራዬ ዘመን ያላረጋገጥኩትን ተናግሬ አላውቅም። አልፏል የሚለኝ ምንጭ አልነበረኝም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ብየዳቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።